የንባብ ክበብ፦ እያንዳንዱን ልጅ ለብቻው መስማት

የንባብ ክበባችን ዘንድሮ ሁለት ሥራ ነበረው። ተማሪዎች ከትምህርት ሰዓት በኋላ ያነባሉ። እኛ የ1ኛ እስከ 4ኛ ክፍል መምህራን ደግሞ ያየነውን ይዘን እንወያያለን። ስለ ዓመቱ መዝጊያ ዝግጅት ፎቶዎቹ ይናገራሉ። እኔ መጻፍ የፈለግሁት በውይይታችን ደጋግሞ ስለተነሳው ጥያቄ ነው፦ አንድ ልጅ እያነበበ መሆኑን በምን እናውቃለን?

ክፍሉ በሙሉ አብሮ ሲያነብ ደስ ይላል፤ ፈሪውም ይደፍራል። ግን በዚያ ድምፅ ውስጥ የሚደበቁ ልጆች አሉ። ከንፈራቸው ይንቀሳቀሳል፣ ዓይናቸው ገጹ ላይ የለም። ስለዚህ እያንዳንዱን ልጅ አጠገባችን አስቀምጠን ለብቻው ማዳመጥ ጀመርን። አንድ ደቂቃ ይበቃል።

አንዲት የ1ኛ ክፍል ተማሪ የፊደል ገበታውን ከ«ሀ» እስከ «ፐ» ሳትሳሳት ትወጣዋለች። «ሞ»ን ለብቻዋ ጽፌ «ይቺ ማን ናት?» ስላት በጣቷ እየቆጠረች «መ፣ ሙ፣ ሚ፣ ማ፣ ሜ፣ ም... ሞ ናት ቲቸር!» አለች። መልሱ ትክክል ነው፤ ያገኘችው ግን በዜማው ነው። ቃል ሲመጣ እንዲህ አያስኬድም። መጨረሻው ፊደል ላይ እስክትደርስ የመጀመሪያው ይጠፋባታል። 33ቱ ፊደላት እያንዳንዳቸው 7 መልክ አላቸው፤ 231 ማለት ነው። ይህን ሁሉ በቃል መያዝ ቀላል ሥራ ስላልሆነ ዜማውን አልተውነውም። ከዜማው ጎን ለጎን ፊደላቱን በካርድ ጽፈን፣ ከተራቸው አውጥተን፣ በታወቁት ፊደላት ወዲያው ቃል መመሥረት ያዝን። ካዕብና ኃምስ (2ኛውና 5ኛው መልክ፣ እንደ «ሙ» እና «ሜ») ከጥቂቶች በቀር ምልክታቸው ስለሚመሳሰል ልጆቹ ቶሎ ይይዟቸዋል። ሳድስና ሳብዕ (6ኛውና 7ኛው፣ እንደ «ም» እና «ሞ») ግን ከፊደል ፊደል መልካቸው ይለያያል። ብዙውን ጊዜያችንን የሰጠነው ለእነሱ ነው።

ሌላው ያከራከረን ልጅ ሲደናቀፍ ምን እናድርግ የሚለው ነው። እኔ «ቆይ» ከሚሉት ወገን ነኝ። ቶሎ ከነገርነው ቀና ብሎ እኛን ማየት ይለምዳል። ዝም ብለን ትንሽ ከጠበቅነው ብዙ ጊዜ ተመልሶ ራሱ ያርመዋል። ካልቻለ ቃሉን ከፋፍለን አብረነው እናነባለን፤ ከዚያ ዓረፍተ ነገሩን እንደገና ከመጀመሪያው። አጭር ምንባብን በተለያየ ቀን ደጋግሞ ማንበብም በግልጽ ጠቅሟል። የሚንተባተቡት ሲቀላጠፉ በጆሯችን ሰምተናል።

መቀላጠፍ ብቻውን ግን አይበቃም። አንድ የ2ኛ ክፍል ልጅ «ልጁ ዋና ይችላል» የሚለውን «ና»ን አጥብቆ፣ ዋና በር እንደሚባለው አድርጎ፣ ፈጠን ብሎ አነበበ። «ምን ይችላል?» ስለው ዝም አለ። ወንዙን የሚያሳየውን ሥዕል አየት አደረገና «አሃ! ዋና!» ብሎ አላልቶ አነበበው። የሚጠብቀውና የሚላላው በጽሑፋችን አይለይም፤ የሚለየው ትርጉሙን የሚከተል ልጅ ነው። የንባብ ተመራማሪዎቹ ፊሊፕ ጎፍና ዊልያም ተንመር እ.ኤ.አ. በ1986 አንብቦ መረዳትን ፊደልን የመፍታትና ቋንቋን የመረዳት ብዜት አድርገው ያቀረቡት ለዚህ ይመስለኛል። አንዱ ዜሮ ከሆነ ውጤቱም ዜሮ ነው።

ስለዚህ ከንባቡ በፊት ስለ ሥዕሉና ስለ አዳዲሶቹ ቃላት እናወራለን። መሃል ላይ ቆም ብለን «ቀጥሎ ምን የሚሆን ይመስላችኋል?» እንላለን። ልጆቹ ገና ራሳቸው ማንበብ የማይችሉትን ረዘም ያለ ተረትም እናነብላቸዋለን። በአሜሪካ እ.ኤ.አ. በ2000 የወጣው የብሔራዊ የንባብ ፓነል ሪፖርት ድምፅ መለየትን፣ ፊደልና ድምፅን ማዛመድን፣ አቀላጥፎ ማንበብን፣ ቃላትንና መረዳትን አብሮ ያነሳል። በእኛም ክበብ አንዱን ለብቻው ነጥሎ ማስተማር አላዋጣንም።

የቀረን ሥራ አለ። ልጆች ብዙ፣ ደቂቃዎች ጥቂት ናቸው። በሚቀጥለው ዓመት የ4ኛ ክፍል አንባቢዎቻችን ከ1ኛ ክፍል ልጆች ጋር ጥንድ ሆነው ይቀመጣሉ፤ ትልቁ ያነባል፣ ትንሹ ይከተላል፣ ከዚያ ይቀያየራሉ። ወላጆችም ማታ ልጃችሁ ጮክ ብሎ እንዲያነብላችሁ አድርጉ። ሲጨርስ «ምን ያህል ገጽ አነበብክ?» ከማለታችሁ በፊት ታሪኩን ጠይቁት።