ከመግረዛችሁ በፊት የሽንት ቀዳዳውን እዩ

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፤

የምጽፈው ከሐዋሳ ነው። ልጄን በተወለደ በ8ኛው ቀን አስገረዝነው። ገራዡ ሕፃኑን ገልጦ ሲያየው «ይሄማ ግማሹን ተገርዞ ነው የተወለደው» አለ። አማቴ እልል አሉ፤ እኔም ደስ አለኝ። የቀረውን ሸለፈት ቆርጦ ሄደ።

ሽንቱ ወደ ፊት ሳይሆን ቁልቁል ወደ እግሩ እንደሚወርድ ያስተዋልኩት ዓመት ሊሞላው ሲል ነው። ሐኪሙ ሃይፖስፓዲያስ ይባላል አለኝ። የሽንት ቱቦው በማሕፀን ሲሠራ ጫፍ ድረስ ሳይደርስ ከሥር በኩል ይከፈታል። ሸለፈቱ ከላይ ብቻ ተሰብስቦ ከታች የሚጎድለውም ለዚሁ ነው፤ እኛ እልል ያልንበት ነገር ምልክቱ ነበር። ያስለቀሰኝ ግን ቀጥሎ የነገረኝ ነው፦ ቀዶ ሐኪሞች ቱቦውን ለመጠገንና ለመሸፈን የሚጠቀሙት ያንኑ ሸለፈት ነው። ልጄ እሱ ስላልነበረው ከጉንጩ ውስጥ ሥጋ ተወስዶ፣ ወራት ባራራቁ ሁለት ቀዶ ሕክምናዎች ተሠራለት።

«እርጉዝ ሳለሽ ምን ነክተሽ ነው?» ያሉኝ ብዙ ናቸው። አብዛኛውን ጊዜ መንስኤው አይታወቅም፤ የእናት ጥፋትም አይደለም። ከ200 እስከ 300 ከሚሆኑ ወንድ ልጆች አንዱ እንዲህ ሆኖ ይወለዳል። ቀለል ያለው ቀዶ ሕክምና ላያስፈልገው ይችላል። የከፋው ግን ሳይታከም ከቀረ ልጁ ቆሞ መሽናት ያቅተዋል፣ ብልቱ እንደጎበጠ ይቀራል፣ ሲያድግም ልጅ መውለድ ሊቸግረው ይችላል። ለቀዶ ሕክምናው የሚመረጠው ዕድሜ ከ6 እስከ 18 ወር ነው። የዘር ፍሬዎቹም በቦታቸው ካልተገኙ ቀን ሳይሰጡት፣ እንደተወለደ መመርመር አለበት።

8ኛው ቀን አለፈ ብለው የሚጨነቁ አያቶች እንዳሉ አውቃለሁ፤ የእኛም ቤት እንዲሁ ነበር። ብዙ ጊዜ ግርዛቱም በዚያው ቀዶ ሕክምና አብሮ ይጠናቀቃልና ልጁ የሚቀርበት ነገር የለም።

ልጄ የተወለደው ጤና ተቋም ውስጥ ነው። ተመዘነ፣ ተከተበ፣ ዳይፐሩን ፈትቶ ያየው ግን አልነበረም። አዋላጆችን የምለምነው ወንድ ልጅ ሲወለድ የሽንት ቀዳዳውን እንዲያዩ ነው፤ ቦታውን ከሳተም ለእናቲቱ ብቻ ነግረው እንዳይተዉት፣ ገራዥ የሚጠሩት አያቶች ናቸውና። በክትባት ካርዱ ላይ በትልቁ «አይገረዝ» ብለው ይጻፉልን።

አንዲት እናት፣ ከሐዋሳ