ለቤዝቦልም አንድ ጥግ ስጡልን

ለተከበራችሁ የጋዜጣው አዘጋጅ፣

ጤና ይስጥልኝ። ዋሽንግተን ዲሲ ታክሲ የምነዳ የዘወትር አንባቢያችሁ ነኝ። ሰሞኑን የስፖርት ገጻችሁ በደቡብ አፍሪካው የዓለም ዋንጫ ተሞልቷል። ደስ ይላል፤ እኔም አንድ ጨዋታ አያመልጠኝም። ግን ማክሰኞ ሰኔ 1 ቀን 2002 ዓ.ም. ማታ እዚሁ ደጃችን ላይ ትልቅ ነገር ሆኗል። ስለሱ በአማርኛ አንድ መስመር እንኳ አላነበብኩም። ስለዚህ እኔው ልጻፈው አልኩ።

የ12 ዓመት ልጅ አለችኝ፤ ሶፍትቦል የሚባለውን የቤዝቦል ዓይነት ትጫወታለች። ስቲቨን ስትራስበርግ የሚባል የ21 ዓመት ፒቸር (ኳስ ወርዋሪ) ለከተማችን የቤዝቦል ቡድን ለናሽናልስ ለመጀመሪያ ጊዜ ሊወረውር ነው ብላ ሁለት ሳምንት ሙሉ ስትነግረኝ ከረመች። የተሳፋሪዎቼም ወሬ እሱ ነበር። አንድ ሸምገል ያሉ ሰው ታሪኩን አጫወቱኝ። የድሮው ቡድን እ.ኤ.አ. በ1971 ከተማዋን ጥሎ ቴክሳስ ገባ። ከዚያ እስከ 2005 ዋሽንግተን ቡድን አልነበራትም። የመጣላት ቡድን ደግሞ ያለፉትን ሁለት ዓመታት በየዓመቱ ከ100 በላይ ጨዋታ ተሸነፈ። ሰውዬው ሲያወሩ ድምፃቸው ይንቀጠቀጥ ነበር።

የዚያን ማታ ሥራዬን ትቼ ከዩ ስትሪት በአረንጓዴው መስመር ወደ ኔቪ ያርድ ሄድን። ባቡሩ ቀይ በለበሰ ሰው ጢም ብሏል። ስታዲየሙም ከ40 ሺህ በላይ ሰው ይዞ ነበር።

ልጄ ስትጫወት ሦስት ዓመት አብሬያት ሜዳ ሄጃለሁ። ሰው ሲያጨበጭብ አጨበጭባለሁ እንጂ ጨዋታው አይገባኝም ነበር። የዚያን ማታ ግን ገባኝ። ትውልዴ ቆቦ ነው። በልጅነቴ ማማ ላይ ቆሜ ማሽላ ከወፍ ጠብቄአለሁ። ወንጭፍ የያዘ ሰው ድንጋዩ ከእጅ ብቻ እንደማይነሳ ያውቃል። ከእግር፣ ከወገብ ነው የሚነሳው። ስትራስበርግም እንደዚያው ነው። እግሩን ያነሳል፣ ወገቡ ይዞራል፣ ክንዱ መጨረሻ ላይ ይደርሳል። ኳሷ በሰዓት 160 ኪሎ ሜትር ትበራለች። መቺው የቆመው ደግሞ 18 ሜትር ተኩል ቢርቅ ነው። በዚህ ላይ አንዳንዷ ኳስ ቀጥ ብላ መጥታ መቺው ጋ ስትደርስ ወደ ታች እጥፍ ትላለች። ይህቺን ነው ልጄ "ከርቭ" የምትላት።

ልጄ ደብተር ይዛ ነበር። አንድ መቺ ሦስት ስትራይክ (የሳታት ወይም መምታት ሲገባው ያሳለፋት ኳስ) ተቆጥሮበት በወጣ ቁጥር "ኬ" ትጽፋለች። አራተኛው ኢኒንግ (ዙር) ላይ ተጋጣሚዎቻችን ፒትስበርጎች ሆም ረን መቱበት፤ ኳሷን ከአጥር ውጭ ሰደዷት ማለት ነው፤ 2 ለ 1 ተመራን። ልጄ እጄን ጭምቅ አድርጋ ያዘችኝ። ስትራስበርግ ግን ፍንክች አላለም። ስድስተኛው ላይ አዳም ደን እና ጆሽ ዊሊንግሃም ተከታትለው ሆም ረን መቱልን። እሱም የመጨረሻዎቹን ሰባት መቺዎች ተራ በተራ በስትራይክ አውት ሸኛቸው። ሰባት በተከታታይ! ሰባተኛው ኢኒንግ ሲያልቅ የተቀመጠ ሰው አላየሁም። ደብተሩ ላይ 14 ኬ ነበር። አንድም ሰው በነጻ ወደ ቤዝ (መቺው ሮጦ ወደሚደርስበት ማረፊያ) አላሳለፈም። ጨዋታውን 5 ለ 2 አሸነፍን። ልጄ ቤት እስክንገባ አላቋረጠችም፤ እኔም የምትለው ሁሉ ይገባኝ ነበር።

እሑድ ከቤተክርስቲያን ስንወጣ ለጓደኞቼ ባወራቸው "እሱ ደግሞ ምን ጨዋታ ነው?" አሉኝ። አልፈርድባቸውም፤ በቋንቋችን ያስረዳቸው የለም። ግን ቅዳሜ ቅዳሜ ሜዳ ዳር ስልኩን እየነካካ የሚቀመጥ ስንት ወላጅ አለ? ልጁ ዞር ብሎ "አየኸኝ?" ሲለው ምን እንዳየ አያውቅም። ይህ እኔን ያሳዝነኛል።

ስለዚህ የዓለም ዋንጫው ሲያልፍ በሳምንት አንዲት ጥግ ስጡን። ስትራይክ ምንድን ነው? ቦል ምንድን ነው? አራት ቦል ሲቆጠር መቺው ለምን ዝም ብሎ በእግሩ ወደ ቤዝ ይሄዳል? ከዚህ ጀምሩልን።

የልጄን የዚያን ማታ ገጽ ፎቶ ኮፒ ከደብዳቤው ጋር ልኬዋለሁ። ፊቷን አዙራ የተጻፈች ኬ ካያችሁ ስህተት እንዳይመስላችሁ። መቺው ዱላውን ሳይሰነዝር ቆሞ ያሳለፋት ስትራይክ ናት።

አክባሪያችሁ
አንድ የታክሲ ሾፌር፣ ከዋሽንግተን ዲሲ