የቅዳሜው የናስተርቲየም ዘር

ሰላም የአትክልት ወዳጆች፣

ቅዳሜ ጠዋት 3 ሰዓት በጋራ አትክልት ቦታችን ተገናኝተን ናስተርቲየም የሚባለውን አበባ እንዘራለን። ዘሩ እኔ ጋ አለ። ቶሎ እንዲበቅል አርብ ማታ ውኃ ውስጥ ዘፍዝፌ አሳድረዋለሁ።

እናንተ ከታች ቀዳዳ ያለው የአበባ መትከያና የሚሞላውን አፈር ይዛችሁ ኑ። አደራ፣ ፍግም ሆነ ማዳበሪያ አትቀላቅሉበት! ይህ አበባ ምግብ ሲበዛለት ቅጠሉ ይንዠረገጋል እንጂ አበባ አይሰጥም። ውኃ የማይቋጥር፣ ደከም ያለ አፈር ይበቃዋል። ሥሩ ሲነካካም አይወድም። ስለዚህ ችግኝ አፍልተን ከማዛወር እዚያው በሚቆይበት መትከያ ውስጥ፣ 2 ሳንቲ ሜትር ያህል አስገብተን እንዘራዋለን። ቤት ደግሞ ፀሐይ የሚያገኝበት ቦታ አዘጋጁለት።

ቅጠሉም አበባውም ይበላል፤ ሰላጣ ላይ ቆንጠጥ የሚያደርግ ደስ የሚል ጣዕም አለው። ለመብላት ካሰባችሁ የተባይ መድኃኒት እንዳትረጩበት።

ዘሩ ሁለት ዓይነት ነው፤ ረጅሙ ተንጠላጣይና ከመሬት ብዙ ከፍ የማይለው አጭሩ። ለበረንዳ አጭሩን እመርጣለሁ። የትኛውን እንደምትፈልጉና ስንት መትከያ እንደምታመጡ እስከ ሐሙስ ማታ እዚሁ ጻፉልኝ። መምጣት የማትችሉም አሳውቁኝ፤ ዘር አስቀምጥላችኋለሁ።