ማይቷ እባቡ ላይ ብቻ አይደለችም ያለችው

ሰላም ለዝግጅት ክፍሉ፣

ባለፈው እትማችሁ የአንባቢያን ገጽ ላይ አንድ ወንድማችን እባቡን ማይት (ደም የምትጠጣ በጣም ትንሽ ተባይ) ወርሮት ዘይት ቀብቶ በሁለት ቀን እንዳዳነው የጻፈውን አነበብኩት። እንኳን ተረፈለት፣ ግን እኔም ልክ እንደሱ «ዳነ» ብዬ ለሰው ሁሉ አውርቼ ከሦስት ሳምንት በኋላ ያፈርኩ ሰው ስለሆንኩ ዝም ብዬ ማለፍ አቃተኝ። ዘይት አይሰራም እያልኩ አይደለም፣ ያገኛትን ማይት አፍኖ ይገድላል። ችግሩ የሚያገኛት እባቡ ላይ ያለችዋን ብቻ ነው፣ የቀሩት ደግሞ እባቡ የሚኖርበት ሳጥን ውስጥ ተደብቀው ዘይቱ እስኪደርቅ ይጠብቃሉ። (እባብ ቤት ውስጥ ምን ይሰራል የምትሉ እንዳላችሁም አውቃለሁ፣ እሱን ሌላ ቀን እንከራከራለን።)

መጀመሪያ ነገሯ ምን እንደሆነች ልናገር። ሳይንሳዊ ስሟ ኦፊዮኒሰስ ናትሪሲስ ይባላል፣ ቅማልም ቁንጫም አይደለችም፣ የመዥገርና የሸረሪት ዘመድ ናት። ደም ጠጥታ የጠገበችው ሴቷ ራሷ 1 ሚሊሜትር ገደማ ብትሆን ነው፣ በእስክሪብቶ ጫፍ ነካ እንዳደረጋችሁት ጥቁር ነጥብ በቃ። ዋናው ነገር ግን ይሄ ነው፣ እንቁላሏን እባቡ ላይ አትጥልም! ደሟን ጠጥታ ትወርድና ጨለማና እርጥበት ያለበት ስንጥቅ ትፈልጋለች፣ ከእንጨቱ ስር፣ ከክዳኑ ጠርዝ፣ ከብሎኑ ቀዳዳ፣ እዛ ትጥላለች፣ ከዛ ተመልሳ ትወጣና እንደገና ትጠጣለች። በዕድሜዋ ከ60 እስከ 80 እንቁላል ትጥላለች ይባላል። እንቁላሉ በሙቀት ከ1 እስከ 4 ቀን ባለው ጊዜ ይፈለፈላል፣ ከዛ አድጋ ራሷ እንቁላል እስክትጥል ድረስ ሙቀቱ ከተመቻት ሁለት ሳምንት ምናምን ይበቃታል። የሚያናድደው ደግሞ ከ25 እስከ 30 ዲግሪ ሙቀትና ጥሩ እርጥበት ነው የሚመቻት፣ ማለትም እኛ ለእባባችን ብለን የምናስተካክለው አየር ለሷም ተስተካከለላት ማለት ነው። እኔን ከሦስት ሳምንት በኋላ ያሳፈረኝም ሌላ ምንም አይደለም፣ ያላየሁት እንቁላል ነው።

የኔን ታሪክ ባጭሩ፣ እባቤ ቀኑን ሙሉ ውሃ ሳህኑ ውስጥ ተጠቅልሎ መተኛት ጀመረ። እኔ ሞቆት ነው አልኩ፣ ቀጥሎ ቆዳውን ሊቀይር ነው አልኩ፣ ከዛ ምግብ እምቢ ሲል ቅር አለኝ ግን አሁንም አልባነንኩም። አንድ ቀን ውሃውን ልቀይር ሳህኑን ሳነሳ ስሩ ላይ ቁንዶ በርበሬ የተበተነ የሚመስል ጥቁር ነገር ዘቅጧል፣ በባትሪ ሳየው የሞቱ ማይቶች። ለካ እባቡ እያሳከከው ሊያሰጥማቸው ነው ውሃ ውስጥ የሚውለው። ከዛ ቀደም ብሎ ደግሞ ቅርፊቱ ላይ ነጭ አመድ የመሰለ ብናኝ አይቼ ነበር፣ የሸጠልኝን ሰው ስጠይቀው «አቧራ ነው ጥረገው» አለኝ፣ ጠረግኩት። አቧራ አልነበረም፣ የማይቶቹ ኩስ ነው። ስለዚህ ነጭ ብናኝ ካያችሁ አትጥረጉት ሳይሆን ጠርጥሩ። የምትፈትሹበት ቦታ ከአገጩ ስር ያለው ስንጥቅ፣ የዓይኑ ዙሪያ፣ ፓይተን የሚባለው የዘንዶ ዓይነት ከሆነ ከንፈሩ ላይ ያሉት ጉድጓዶች፣ እና ከጭራው በላይ መጸዳጃው አካባቢ ነው። እርጥብ ነጭ ሶፍት ይዛችሁ ከአንገት እስከ ጭራ ቀስ ብላችሁ ሳቡት፣ ሶፍቱ ላይ የሚንቀሳቀስ ነጥብ ወይም ቀይ የደም ጭረት ካለ አለቀ፣ እባባችሁ ማይት አለበት።

እና ትንሽ ነገር አይደለችም። ሲበዙ ደሙን ይጨርሱታል፣ በተለይ ልጅ እባብ በደም ማነስ ሊሞት ይችላል። ቆዳ መቀየሩም ይበላሻል፣ ዓይኑ ላይ ያለው ሽፋን ሳይወርድ ይቀራል። ከእባብ ወደ እባብ ባክቴሪያ ታስተላልፋለች፣ ቦአና ፓይተን የሚባሉትን የዘንዶ ዓይነቶች የሚገድለውን ቫይረስ በማስተላለፍም ትጠረጠራለች። እኛንም አልፎ አልፎ ትነክሳለች፣ ክንድ ላይ የሚያሳክክ ቀይ ሽፍታ፣ ግን ሰው ላይ ቤት አትሰራም፣ እሱን አትፍሩ።

አሁን ወደ ህክምናው። ሁለተኛው ጊዜ ላይ ያደረግኩትን ልንገራችሁ፣ ይሄኛው ነው የሰራው። እባቡን አውጥቼ ባዶ ፕላስቲክ ሳጥን ውስጥ አስገባሁት፣ ስሩ ነጭ ሶፍት፣ አንድ የውሃ ሳህን፣ መደበቂያ የሚሆን ካርቶን፣ ሌላ ምንም የለም። ሶፍቱና ካርቶኑ በየቀኑ ይጣላል። ከዛ ለብ ያለ ውሃ፣ ለብ ያለ ነው ያልኩት ሙቅ አላልኩም፣ ጭንቅላቱን እንደልቡ ከፍ አድርጎ የሚተነፍስበት ልክ ሞልቼ ግማሽ ሰዓት፣ አጠገቡ ሆኜ። ብዙ ማይት ይሰጥማል ግን ጭንቅላቱ ውሃ ውስጥ ስለማይገባ ተንጠላጥለው ወደዛ ይሸሻሉ፣ ሰው ሁሉ የሚረሳው እሱን ነው። ስለዚህ ሲወጣ አገጩንና የዓይኑን ዳር በጥጥ በትንሹ ዘይት ነክሬ ጠረግኩለት፣ ወንድማችን ዘይቱን እዚህ ጋ ነው መጠቀም የነበረበት፣ ሙሉ ሰውነቱን መቀባት እባቡንም ያንገላታል ቤቱንም ያጨማልቃል።

ዋናው ስራ ግን ሳጥኑ ነው፣ ወገቤን የቆረጠኝም እሱ ነው። ጉዝጓዙ በሙሉ ፌስታል ውስጥ ታስሮ ያኔውኑ ከቤት ወጣ፣ ክፍሉ ውስጥ ያለ ቅርጫት ላይ ጥዬው ቢሆን ኖሮ ማታውን በእግራቸው ይመለሱ ነበር። እንጨቱና ቅርንጫፉ የኔማ ተጣለ፣ አልጥልም ያለ ፍሪዘር ውስጥ ለቀናት ያቆየው፣ ስንጥቅ ያለው እንጨት በማጠብ ብቻ አይጸዳም። ሳጥኑን በጣም በሞቀ ውሃና በሳሙና፣ ጥጋጥጉን በአሮጌ ጥርስ ብሩሽ፣ የክዳኑን ማጠፊያ ፈትቼ፣ ሳጥኑ የቆመበትን ጠረጴዛና ከኋላው ያለውን ግድግዳ ጭምር። እና አንዴ አይደለም! በየሦስት አራት ቀኑ ደገምኩት፣ የመጨረሻዋን ማይት ካየሁ በኋላም ስድስት ሳምንት ሶፍት ላይ አቆየሁት። ሚስቴ «እባቡ ሆስፒታል ገባ እንዴ» እያለች ስታሾፍብኝ ከረመች።

መድሃኒትን በተመለከተ እዚህ ጋ ጠንከር ብዬ ልናገር። ቤት ውስጥ ለበረሮና ለትንኝ የምንነፋውን ስፕሬይ እባብ ላይ እንዳትሞክሩት፣ እባቡ ባለበት ክፍል እንኳን አትንፉት። ነፍሳት እንዲገድል ሳጥን ውስጥ የሚሰቀለው ዲክሎርቮስ ያለበት ፕላስቲክም የነርቭ መርዝ ነው፣ ድሮ ሰው ይጠቀምበት ነበር እባብም ይሞትበት ነበር። ፊፕሮኒል የሚባለው የተባይ ማጥፊያ ስፕሬይ የሚሰራ ነገር ነው ግን በቀጥታ አይነፋም፣ ጨርቅ ላይ ተደርጎ በስሱ ይጠረግና ከደቂቃዎች በኋላ ይታጠባል፣ ብዙዎቹ አልኮል ስላለባቸው ልጅና የደከመ እባብ አይችለውም። ፐርሜትሪን የሚባለው ሌላ ተባይ ማጥፊያ ያለበት ደግሞ የሚነፋው ባዶ ሳጥን ላይ ነው፣ የውሃ ሳህኑ ወጥቶ፣ ሙሉ በሙሉ ደርቆ ሽታው እስኪጠፋ እባቡ አይመለስም፣ ድመት ያለው ሰው ደግሞ ድርብ ይጠንቀቅ፣ ድመት ትመረዝበታለች። አይቨርሜክቲን የሚባለው የጥገኛ ተባይ መድሃኒት በክብደት ተሰልቶ ሐኪም የሚሰጠው ነው፣ በግምት የሚሰጥ አይደለም፣ ኤሊ የምታሳድጉ ካላችሁ ደግሞ ጭራሽ እንዳታስጠጉት፣ ኤሊን ይገድላል። የእንስሳት ሐኪም ሁሉ እባብ አያውቅም፣ ስለዚህ ተሳቢ እንስሳ የሚያክም መሆኑን ቀድማችሁ ጠይቁ።

አንድ የወደድኩት ነገር፣ ማይት የምትበላ ማይት አለች። ኬይሌተስ ኢሩዲተስ ትባላለች፣ ሳጥኑ ውስጥ ትለቀቅና የእባቡን ማይት እያደነች ትበላለች፣ እባቡን አትነካም። መድሃኒት የተረጨበት ሳጥን ውስጥ ግን እሷም ትሞታለች፣ ሁለቱን አንድ ላይ አታድርጉ።

እንዳይመጣ ማድረግስ? ማይት ከሰማይ አትዘንብም፣ በአዲስ እባብ፣ በተውሶ እቃ፣ ወይም በእጃችን ነው የምትገባው። አዲስ እባብ ስታመጡ ቢያንስ ሁለት ሦስት ወር ሌላ ክፍል፣ ነጭ ሶፍት ላይ፣ የራሱ ሳህን የራሱ መያዣ ይኑረው። ስትመግቡም ስታጸዱም መጀመሪያ የቆዩትን፣ አዲሱን መጨረሻ ላይ፣ ከዛ እጅ መታጠብ። ሰው ቤት ሄዳችሁ እባብ ነክታችሁ ከመጣችሁ ልብሳችሁን ቀይራችሁ ነው ወደራሳችሁ የምትጠጉት። ያገለገለ ሳጥን በነጻ ሲሰጣችሁ ደስ ይላል አውቃለሁ፣ የኔ ሁለተኛ ሳጥን እንደዛ ነው የመጣው፣ ከነእንግዶቹ።

ለዛ ወንድማችን፣ ጉዝጓዙን እስካሁን ካልጣልከው ዛሬውኑ ጣለው። የውሃ ሳህኑንም ቢያንስ ለሚቀጥሉት ሦስት ሳምንታት ጠዋት ጠዋት ስሩን በባትሪ እየው፣ ጥቁር ነጥብ ካገኘህ እንደገና ጻፍልን።

የሁለት እባቦች ባለቤት፣ አንባቢያችሁ