የጨቅላ ሕፃናት የመስማት ምርመራ ጥራቱ ይጠበቅ

ለተከበሩ አዘጋጅ፣

በድሬዳዋ የጨቅላ ሕፃናት የመስማት ምርመራ ሲታሰብ መሣሪያ መግዛቱ ብቻውን እንደማይበቃ ላሳስብ እወዳለሁ። በመጀመሪያው ቀን የሕፃኑ ጆሮ ከወሊድ በተረፈ ፈሳሽ ሊደፈን ስለሚችል፣ ደህና የሚሰማው ልጅ ጭምር «አላለፈም» ሊባል ይችላል፤ በሙቀታችን ምክንያት የማይጠፋው የቬንትሌተር ድምፅም ውጤቱን ሊያዛባ ይችላል።

ከሁሉ ይልቅ የሚያሳስበኝ ግን ከገጠር ቀበሌ መጥታ፣ ወልዳ በማግስቱ የምትሄደው እናት ናት። ዓለም አቀፉ መመሪያ ልየታው (የመጀመሪያው ምርመራ) ሕፃኑ 1 ወር እስኪሞላው፣ የመስማት ችግር መኖሩን ማረጋገጫው እስከ 3 ወር፣ ድጋፉም እስከ 6 ወር ዕድሜው እንዲደርስ ይጠይቃል፤ ለድጋሚ ምርመራ የተቀጠረ ልጅ ካልተመለሰ ግን የመጀመሪያው ልፋት ከንቱ ይቀራል። ስለዚህ ያመለጠው ቀጠሮ ቢያንስ ከ6ኛው ሳምንት ክትባት ጋር ይያያዝ፤ የአገልግሎቱ ሪፖርትም የተመረመሩትን ብቻ ሳይሆን የተመለሱትንም ይቁጠር።

ከአክብሮት ጋር፣
አንድ አንባቢ፣ ከድሬዳዋ