ህንደኬ የማዕረግ ስም ነው

ለተከበሩ የጋዜጣው ዋና አዘጋጅ፣

በታሪክ ዓምዳችሁ ሮማውያንን የተዋጋችው የሜሮዌ (የጥንቱ የኩሽ መንግሥት መናገሻ) ንግሥት ስሟ ህንደኬ እንደ ነበረና በሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 8 የተጠቀሰው ጃንደረባም የእርሷ ባለሟል እንደ ነበረ ተጽፎ ስላነበብሁ ይህን እርማት ልኬአለሁ። ፈርዖን የአንድ ንጉሥ ስም እንዳልሆነ ሁሉ፣ ህንደኬም ዛሬ ሱዳን በምንለው ምድር በዓባይ ዳር የነበረው የኩሽ መንግሥት ለንግሥቶቹ የሚሰጠው ማዕረግ ነበር። የታሪክ ሊቃውንት ከሮማ ጋር የተዋጋችውን ንግሥት በሜሮዌ ጽሑፎች አማኒሬናስ ተብላ ከምትታወቀው ንግሥት ጋር ያገናኟታል፤ የጃንደረባው ታሪክ ግን ከዚያ ጦርነት ከ50 ዓመታት በላይ የዘገየ ነው።

ስሟ እንዲጠፋ የማልሻው ሥራዋ ትልቅ ስለሆነ ነው። ከክርስቶስ ልደት በፊት በ25 ዓመት ገደማ፣ በግብጽ ከነበረው የሮማ ጦር ከፊሉ ወደ ዐረብ ምድር በዘመተበት ጊዜ፣ የኩሽ ሠራዊት በደቡብ ግብጽ አስዋንን፣ ኤለፋንታይንንና ፊላይን ይዞ የአውግስጦስ ቄሳርን ሐውልቶች ገነደሰ። የግብጽ ሮማዊ አገረ ገዥ የነበረው ጴጥሮንዮስ መልሶ ዘምቶ የኩሽን ከተማ ናፓታን አፈረሰ፤ በፕሪምኒስ ምሽግም 400 ወታደሮች ትቶ ተመለሰ። ከተማዋ ፈርሳባት እንኳ ንግሥቲቱ እጅ አልሰጠችም፤ ሠራዊቷን አሰልፋ ወደ ምሽጉ ገሠገሠች፤ ጴጥሮንዮስም ቀድሟት ደርሶ ስላጠናከረው ነገሩ ወደ ድርድር ዞረ። መልእክተኞቿ እስከ ሳሞስ ደሴት ተጉዘው ቄሳርን አገኙት፤ እርሱም የጠየቁትን ሁሉ ፈቀደላቸው፤ የተጣለባቸውንም ግብር አነሣ። ይህን የጻፈልን ለሮማ ሹማምንት ቅርብ የነበረውና እርሷን «ወንዳወንድ፣ አንድ ዓይኗ የጠፋ» ብሎ የገለጻት ግሪካዊው የመልክዓ ምድር ጸሐፊ ስትራቦ ነው፤ ምስክርነቱን ከሌላ ሰው ቃል አብልጬ የምቀበለውም ስለዚህ ነው።

እ.ኤ.አ. በ1910 በሜሮዌ በተካሄደ ቁፋሮ፣ ከአንድ ሐውልት የተቆረጠ የአውግስጦስ የነሐስ ራስ በቤተ መቅደስ ደጃፍ ሥር ተቀብሮ ተገኝቷል፤ ወደ መቅደሱ የሚገባ ሁሉ በላዩ እየተራመደ ያልፍ ዘንድ ነው። ዛሬ ይህ የነሐስ ራስ በለንደን በብሪቲሽ ሙዚየም ይገኛል።

ስለዚህ በሚቀጥለው እትማችሁ «የኩሽ ህንደኬ፣ ንግሥት አማኒሬናስ» ተብላ በማዕረጓም በስሟም እንድትጠራ በአክብሮት እጠይቃለሁ።

ከአክብሮት ሰላምታ ጋር፣
የዘወትር አንባቢያችሁ