የእንሰት ችግኝ ያለ ባለሙያዎቹ አይላክ

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፤

በጎጃምና በጎንደር ደጋማ ቀበሌዎች በየጓሮው ጥቂት እግር እንሰት ቆሞ ይታያል፤ ቅጠሉ ለዳቦ መጋገሪያ ኮባ ይቆረጣል፣ ግንዱንና አሚቾውን (ከአፈር ውስጥ ያለውን ወፍራም ሥሩን) ግን ከምግብ የሚቆጥረው የለም። ይኸው ተክል በጉራጌ፣ በሲዳማ፣ በሀዲያና በጋሞ የቤተሰብ ዋና ቀለብ ነው። በ18ኛው መቶ ዘመን ጎንደርን የጎበኘው ስኮትላንዳዊ ተጓዥ ጀምስ ብሩስ ስለ እንሰት ሲጽፍ ለምግብነት መዋሉን ጭምር ስለጠቀሰ፣ ሰሜኑ ያጣው ሙያውን ነው ብል ያጋነንኩ አይመስለኝም።

ድርቅ በመጣ ቁጥር እንሰት ወደ ሰሜን ይስፋፋ የሚል ሐሳብ ይነሳል። ሐሳቡን እደግፋለሁ፤ የምቃወመው ችግኙ ብቻውን በመኪና ተጭኖ መሄዱን ነው። እንሰት እንደ ጤፍ ታጭዶና ተወቅቶ ለምጣድ የሚደርስ አይደለም። ማባዛቱ ራሱ ሙያ ነው፤ የለጋው እንሰት አሚቾ ከላይ ተቆርጦ፣ እምብርቱ ወጥቶና አፈር ተሞልቶ ሲቀበር ነው ከአንዱ ብዙ ችግኝ የሚበቅለው። ከዓመታት በኋላ ሲደርስ ደግሞ ሴቶቹ የግንዱን ልጣጭ በተጋደመ ሳንቃ ላይ አስደግፈው በቀርከሃ መፋቂያ ይፍቁታል፣ አሚቾውን ይከትፋሉ፣ ከጭማቂው ቡላ የሚባለውን ነጭ ዝቃጭ ያዘቅጣሉ፣ ቀሪውንም ቅጠል በተነጠፈበት ጉድጓድ ቀብረው ያብላሉታል፤ ቆጮ የሚባለው ይኸው ነው። ጉድጓዱ መቼ ተከፍቶ እንደሚገላበጥ፣ ቆጮው መቼ እንደደረሰ በጠረኑና በመዳሰስ የሚለዩት እነዚሁ ሴቶች ናቸው።

አጠውልግ የሚባለው የእንሰት በሽታ ጉዳይም አለ። እ.ኤ.አ. በ1968 በሳይንስ ጽሑፍ የተመዘገበው ይህ የባክቴሪያ በሽታ ከተክል ወደ ተክል በቢላ ይተላለፋል፤ በታመመ ችግኝም ይጓዛል። ቢላውን በእሳት መለብለብን፣ የታመመውን ነቅሎ መቅበርን የማያውቅ ቀበሌ ችግኝ ብቻ ቢደርሰው በሽታውንም አብሮ ሊረከብ ይችላል።

አሁን የልምድ ልውውጥ የሚባለው አብዛኛውን ጊዜ የወረዳ ኃላፊዎችና ሞዴል አርሶ አደሮች በአንድ መኪና ሄደው፣ ማሳ ጎብኝተውና ፎቶ ተነስተው፣ አበል ፈርመው የሚመለሱበት ጉዞ ነው። የእንሰት ማሳ ለመጎብኘት ከተጓዘ አንድ ቡድን ጋር ሄጄ ከተጓዦቹ መካከል አንዲትም ሴት አላየሁም። (ምሳው ግን ቆጮ በክትፎ ነበር፤ ማን እንደፋቀው የጠየቀ አልነበረም።)

ገበሬው ራሱ ሲይዘው ነገሩ ሌላ መልክ እንዳለው በጋሞ ደጋ ያለችው የጨንቻ አፕል ምስክር ነው። ፍሬውን ሚሲዮናውያን ቢያመጡትም፣ ወደ ሌሎች ደጋዎች የተሻገረው የአካባቢው ገበሬዎች ችግኝ እያዘጋጁ ስለሸጡም ጭምር ነው። ሰሜኑም ባዶ እጁን አይደለም፤ ክረምት ውኃ በሚተኛበት በፎገራ ሜዳ ሩዝ ማምረትን፣ ሩዙን ከጤፍ ጋር ቀላቅሎ እንጀራ መጋገርንም የፎገራ ሰዎች ለሌሎች ሊያሳዩ ይችላሉ።

ስለዚህ የማዕከላዊ ኢትዮጵያ፣ የሲዳማና የአማራ ክልሎች ግብርና ቢሮዎች ቀጣዩን ጉዞ በእንሰት ፋቂ ሴቶች እንዲጀምሩት እጠይቃለሁ። ከሰሜን የሚሄዱት ሴቶችም ከፍቂያው እስከ ጉድጓዱ መከፈት ድረስ እዚያው ይቆዩ፤ አስተማሪዎቹም እንደማንኛውም ባለሙያ አበል ይከፈላቸው።

ከአክብሮት ጋር
አንባቢያችሁ፣ ከባሕር ዳር